እማዬ ስልክ የማታነሳበት ምክንያት

ለውድ ወንድሜ ለማንሆ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ በማቀዝቀዣው መጋዘን ብርድ ዘንድሮም ያሠቃይሃል ወይስ ሥራውን ቀየሩልህ? ባለቤትህ ሄዮንጁስ ደህና ናት፣ የልብስ ስፌቱ ሥራ ቀናት? ሱዮን ስንተኛ ክፍል ገባች? በላክኸው ፎቶ ላይ ቁመቷ ከእናቷ ትከሻ አልፏል፤ ዓይኗ ግን ያው የአባባ ዓይን ነው። እኛ ጋ ውርጩ ጀምሯል፣ እናንተ ጋ ደግሞ ሙቀቱ እየገባ ነው። አንድ ሰማይ ሥር ሆነን አንድ ወቅት እንኳ አብረን አለማየታችን አንዳንዴ ሆዴን ያባባዋል። ብቻ ጤናችሁን ያብዛልኝ።

እኛ በሕይወት አለን። ባለቤቴ ቻንጊል ጉልበቱን እያመመውም ቢሆን በማለዳ ጀልባውን ይዞ ባሕር ላይ ወዳለው የዛጎል እርሻው ይወጣል። የዘንድሮው ዛጎል ሥጋው ወፍራም ነው፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ሥጋውን ከቅርፊቱ በቢላ ሳወጣ መፈልፈያ ቤት እውላለሁ። እማዬ ቆማ ትሄዳለች፣ ደጇን ትጠርጋለች፣ አትክልቷን ታርማለች። «ደህና ናት» ብዬ ግን አልጽፍልህም። ይህን ቃል ከዓመት በላይ በስልክ ስልህ ኖሬያለሁና በወረቀት አልደግመውም።

ባለፈው ወር «እማዬ ለአባባ ሙት ዓመት ስላልመጣሁ ነው የተቀየመችኝ? ድምፅዋን ለምን ትነፍገኛለች?» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። መልእክቱን ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ቢላዬን አስቀምጬ ወደ ውጭ ወጣሁ። አልተቀየመችህም፣ ማንሆ። በደወልህ ቁጥር «ተኝታለች»፣ «የመንደሩ አዳራሽ ሄዳለች»፣ «ጎረቤት ናት» ስልህ እሷ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ያንተን ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ነበር። እንዳልነግርህ ያስማለችኝ እሷ ናት። አሁንም ፈቃዱን የሰጠችኝ እሷው ናት። «ጻፊለት። ግን እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው፤ እንዲያዝንልኝ ብለሽ አታሳምሪው» አለችኝ። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አምና በጸደይ፣ የቼሪው አበባ መርገፍ ሲጀምር፣ ናም ሳንግዱ የሚባል ሰው ወደ መንደራችን መጣ። ከተማ ውስጥ «የአሥር ሺህ ዓመት ጥርስ» የሚል ክሊኒክ ተከፍቶ ነበርና የዚያ ሥራ አስኪያጅ ነኝ አለ። አዳራሹ ውስጥ ለሚውሉት አሮጊቶች ፎጣ፣ ለወገብ የሚለጠፍ መድኃኒት፣ ካርቶን ሙሉ የአኩሪ አተር ወተት አደለ። ሁሉንም «እናቴ» እያለ ነበር የሚያነጋግራቸው፤ እማዬን ብቻ፣ ሹመቷን አውቆ፣ «እናቴ የመንደሩ ሹም» ይላታል። «ዕድሜው ከስድሳ አምስት ላለፈ ሰው መንግሥት በሕይወቱ ሁለት የሚተከል ጥርስ በጤና መድኑ ያግዘዋል። ይህን ሳይጠቀሙ መሞት እኮ ቂልነት ነው» አላቸው። ነገሩ እውነት ነው። ውሸታም ሰው ወደ ቤትህ የሚገባው አንድ እውነት ይዞ ነው።

እማዬም በማግሥቱ የመንደሩን ድምፅ ማጉያ ከፈተች። ድምፅዋን ታውቀዋለህ፤ ከኮረብታው ራስ እስከ ጀልባው ማቆሚያ ማንንም ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን። «አ፣ አ፣ ይሰማል? የመንደሩ ሹም ነኝ። ከቁርስ በኋላ አዳራሹ ደጃፍ መኪና ይቆማል። ጥርሳችሁን የሚያማችሁም ጥርስ የሌላችሁም ውጡ። ምርመራው በነፃ ነው። የዛጎል ቢላችሁን ቤት አስቀምጡት፣ ሐኪሙ እንዳይደነግጥ» አለች። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። የታችኛው ሰፈሯ እትዬ ቡንኔ መኪናው ውስጥ እየገቡ «እኔ የቀሩኝ ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ እነሱም ተኳርፈው ዘንድሮ ተገናኝተው አያውቁም» ይሉ ነበር። ጋሼ ፓልቦንግም ሄዱ። ከአባባ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ያረጁት፣ አንተን ዋና ያስተማሩህ ጋሼ ፓልቦንግ፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነበር።

እማዬን የሚያማት አንድ የመንጋጋ ጥርስ ብቻ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ግን ራጅ አንስተው፣ በትልቅ ስክሪን ላይ ጥላ ጥላውን እያሳዩ፣ «የታችኛው በሙሉ በስብሷል፤ ካልተነቀለ አጥንቱን ይበላዋል» አሏት። ለሰባኛ ዓመቷ ድግስ ብለህ የላክኸው ገንዘብ እጇ ላይ ነበር። «ድግስ ተበልቶ ይረሳል፤ ጥርስ ግን አብሮኝ ይቀበራል» ብላ ለዚያ አዋለችው። አትቆጣት። ይህን ስትነግረኝ እንደ ልጅ አንገቷን ደፍታ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ የነቀሉላት ጥርሶች አብዛኞቹ ጤነኛ እንደነበሩ ያወቅነው በኋላ ነው።

የተተከለላት ዕለት ብቻዋን ነበረች። እኔ ሥራ በዝቶብኝ አብሬያት አልሄድኩም። ወንበሩ ላይ አጋድመው ፊቷን በጨርቅ ሸፈኗት። ከመሸፈኗ በፊት ያየችው ወፍራም እጅ ያለው፣ አፉን በጭንብል የሸፈነ ጎልማሳ ሰው ነው። ሁሉም «ዶክተር» ይሉታል። ስሙን አልጠየቀችም፤ ማን ይጠይቃል? ጥርሱ የሚቆምበት ብሎን ወደ አጥንቷ ሲገባ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር አገጯን መታትና እጇን አነሳች። «ትንሽ ይታገሡ እናቴ፣ ሊያልቅ ነው» አላት። በሌላኛው ጎንም እንዲሁ መታት፤ አሁንም እጇን አነሳች፤ አሁንም «ሊያልቅ ነው» አላት። እሷም ጥርሷን ነክሳ የምትችል ሴት ናት፣ የምትነክሰው ጥርስ ግን አልነበራትም።

ማደንዘዣው በማግሥቱም አልለቀቃትም። የታችኛው ከንፈሯና አገጯ የሌላ ሰው ሥጋ የተለጠፈባት ያህል ደነዘዘ። ደውላ ስትጠይቅ ናም ሳንግዱ «ሳምንት ይታገሡ» አላት። ቆይቶ «ወር ይፈጃል»፣ ከዚያም «ስድስት ወር የሚቆይም አለ፣ አይጨነቁ» አላት። ለእኔ አልነገረችኝም። አንድ ጠዋት ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስለ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ቀን ልታስታውቅ ስትል «የመንደሩ ሹም» የሚለው እንቢ አላት፤ የወጣው «የ’ንደሩ ሹ...» የሚል ነገር ነው። ባሕር ዳር ያለው ባለ ሱቅ ለደንበኞቹ «ሹማችን ደግሞ ከማለዳው የሩዝ ጠላ ጀመሩ» ሲል ሰማች። ማይክሮፎኑን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ሲኖር በወረቀት እየጻፈች አዳራሹ በር ላይ ትለጥፍ ጀመር። ሰው ሲጠይቃት «ጉሮሮዬን አሞኛል» ትላለች። ያንተን ስልክ መሸሽ የጀመረችውም ያኔ ነው።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት ሳልነግራት በገባሁበት ቀን ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ፎጣ አንገቷ ሥር አድርጋ፣ የባሕር ቅጠል ሾርባ ትጠጣለች። ሾርባው ከከንፈሯ ጥግ ይፈሳል፤ አታውቀውም። ከንፈሯ ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አየሁ። ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አይሰማትም፣ ማንሆ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «እርጅና ነው» አለችኝ። ከጥርሱ ተከላ ወዲህ መሆኑን አውጣጥቼ፣ እጇን ይዤ በዚያው ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳት።

እዚያ ደርሼ ጮህኩ። ናም ሳንግዱ በፈገግታ አስቀመጠን፣ ሻይ አስመጣልን። «እህቴ፣ ዕድሜያቸውን ይዩት እንጂ። በዚህ ዕድሜ ነርቭ ይደክማል። እኛ ጥርስ እንጂ ወጣትነት አንተክልም» አለኝ። እንከሳችኋለን ስለው ፈገግታው አልጠፋም። «ይክሰሱ። ከሐኪም ጋር ተካስሶ ያሸነፈ አሮጊት ካለ ያሳዩኝ» አለ። እማዬ እጄን ጎትታ አስወጣችኝ። መንገድ ላይ ስናለቅስ ተያይተን፣ የእሷ እንባ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ እንደማይሰማት ትዝ አለኝና ለቅሶዬን ዋጥኩት።

የረዳችን የጤና ኬላችን ነርስ ሲስተር ኡንቢ ናት። አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ታሪኩን ስነግራት በመጀመሪያ ወቀሰችኝ። «መጮህሽ አልጠቀመሽም። የሚጮህ ሰው ሲያዩ መዝገቡን ለራሳቸው እንዲመች ይደልዛሉ» አለችኝ። ያለችኝን እጽፍልሃለሁ፤ እዚያ ላሉት የአገራችን ሰዎችም ንገራቸው፣ ክፉ ቀን ነግሮ አይመጣም። መጀመሪያ የምትፈልገው የሕክምና መዝገብህንና ራጅህን ሙሉ ቅጂ ነው። በሕጉ ለበሽተኛው ሊከለክሉት አይችሉም፤ ለምን እንደፈለግኸውም የማስረዳት ግዴታ የለብህም። ቀጥሎ ከዚያ ክሊኒክ ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ሐኪም ይይህ፤ ያየውንም በጽሑፍ ይስጥህ። በስምህ ምን ተብሎ ሒሳብ እንደተጠየቀ ደግሞ ከጤና መድን ቢሮ ጠይቅ። እስከዚያው ምንም ወረቀት ላይ አትፈርም። «ሲደነዝዝ ግን» አለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ «ሲደነዝዝ ሳምንት አይጠበቅም። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነው የሚሮጠው።» እማዬ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ያኔ መኸር ገብቶ ነበር፤ ከተተከለላት ወራት አልፈዋል።

ቅጂውን ሄጄ ሳልጮህ ጠየቅሁ። «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» አሉኝ። ወንበር ይዤ «እስኪሠራ እጠብቃለሁ» አልኩና ሹራቤን አውጥቼ መሥራት ጀመርኩ። ምሳ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ተሻለው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሐኪም ራጁን በጣቱ እየተከተለ አሳየን። በሁለቱም ጎን የገቡት ብሎኖች ነርቩ የሚያልፍበትን ቦይ ወግተውታል። «ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ የሙያ ባልደረባ ላይ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። እማዬ እንደምንም ቃል በቃል እየለቀመች «ፍርዱን ተወው፤ ያየኸውን ብቻ ጻፍ» አለችው። ጻፈላት። ብሎኖቹንም አወጣላት። «በመጀመሪያው ቀን ብትመጡ ኖሮ ግን...» አለ፤ እኛም እንዲጨርሰው አልጠየቅነውም።

ከመድን ቢሮው ያገኘነው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። መንግሥት በሕይወቷ የሚያግዛት ሁለቱ ጥርሶች ተተክለውላታል ተብሎ ክሊኒኩ ገንዘቡን ወስዷል። የት ተተከሉ? በላይኛው መንጋጋ። የላይኛው ጥርሶቿ ከልጅነቷ ያበቀለቻቸው የራሷ ናቸው። እማዬ አፏን ከፍታ በጣቷ አንኳኳቻቸውና «ታዲያ እነዚህ የማን ናቸው?» አለች። እትዬ ቡንኔም አስጠየቁ፤ ሁለት ተተክሎላቸዋል ይላል። «እኔ አፍ ውስጥ ሁለት ሰው ገብቶ እኔ ሳላየው?» አሉ። የመንደሩ ሰው ሁሉ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ሆኖም ማንም አፉን ለመክፈት አልፈለገም። ፎጣውንና ወተቱን ተቀብለናል፣ ምን እንደሆነ ሳናነብ ፈርመናል፣ እኛም እንከሰሳለን ብለው ፈሩ። እማዬም እነሱን ወደዚያ መኪና የጠራቻቸው በራሷ ድምፅ ስለሆነ ክሰሱ ለማለት ፊት አጣች። በሯን ዘግታ መዋል አመጣች።

እንዲህ እንዳለን ጋሼ ፓልቦንግ ሞቱ። ይህንንም በስልክ «በእርጅና» ብዬ ነበር የነገርኩህ። የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርሳቸውን በአንድ ሰሞን ነቅለውላቸው፣ ሙሉውን ክፍያ አስቀድመው ተቀብለው፣ «አጥንትዎ እስኪጠነክር ይጠብቁ» እያሉ ያመላልሷቸው ነበር። የብርዱን ክረምት በሙሉ የሩዝ አጥሚት ብቻ እየጠጡ ከሱ፤ ሱሪያቸውን በገመድ ያስሩ ነበር። ሄጄ ሳያቸው «ጉምሱክ፣ ያን የኮመጠጠ የጎመን ኪምቺ ማላመጥ ናፈቀኝ፤ ካላመጥኩት በኋላ ብተፋውም ግድ የለኝም» ብለውኛል። የሞቱት በሳንባ ምች ነው፣ ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን እኚያን ሰው ወደ መኪናው ሲገቡ በንጹሕ ሸሚዝ አይቻቸዋለሁ፣ በሬሳ ሳጥን ውስጥም አይቻቸዋለሁ።

ለቀብሩ ከየድርጅቱ የአበባ ጉንጉን ሲመጣ አንዱ ከክሊኒኩ የተላከ ነበር። ትልቁ እሱ ነው። ሪባኑ ላይ «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፣ የአሥር ሺህ ዓመት ጥርስ» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። እማዬ ለቀስተኞቹን አልፋ ሄደችና ሪባኑን ቀደደችው። ከዚያ አበባውን ተሸክማ አውጥታ መንገድ ላይ ጣለችው። ማንም አልከለከላትም። ናም ሳንግዱ ከሐዘኑ ሦስት ቀን በኋላ ወረቀት ይዞ ቤቷ መጣ። ገንዘብ እንሰጣለን፤ ለማንም አትናገሩ፣ የትም አትክሰሱ፣ የሚል ነው። «እናቴ የመንደሩ ሹም፣ ለሌሎቹም እርስዎ ቢያስረዱልኝ» አላት። ሲገባ ያወለቀውን ጫማ አንስታ ከደጃፉ ውጭ አስቀመጠችለት።

በማግሥቱ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። እኔ ቤቴ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ድምፁ ሲንኮሻኮሽ እጄ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። እንደ ሰከረ ሰው፣ ፊደሎቹ ተሰባብረው፣ እያቆመች እየቀጠለች ነው የተናገረችው። የተናገረችውን አስተካክዬ ልጻፈው፦ «ሹማችሁ ነኝ። አልሰከርኩም። ከንፈሬ ሞቷል። ወደዚያ መኪና የጠራኋችሁ እኔ ነኝ። ፓልቦንግን የጠራሁት እኔ ነኝ። አሁንም እኔው እጠራችኋለሁ። አፋችሁን ይዛችሁ አዳራሽ ኑ። የፈረማችሁም ያልፈረማችሁም ኑ። የሚከሰስ ካለ መጀመሪያ እኔ እከሰሳለሁ።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ነበር፤ ማጥፋቱን ረስታው።

መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ቡንኔ ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው «ሰክረሽ ከሆነም ብቻሽን ምነው?» አሏትና አጠገቧ ተቀመጡ። ያ ባለ ሱቅም መጣና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እማዬ በእጇ ምልክት አስገባችው። ሲስተር ኡንቢ የእያንዳንዱን አፍ እያየች ያለውንና የሌለውን ጻፈች። አቤቱታው ለወረዳው ጤና ቢሮ፣ ለመድን ቢሮውና ለፖሊስ ሄደ። የሕክምና ክርክር የሚያስታርቅ መሥሪያ ቤትም አለ፤ እዚያም አመለከትን። ግን እዚያ ሌላው ወገን አልመጣም ካለ ፋይሉ ይዘጋል፤ ክሊኒኩም አልመጣም አለ፣ ተዘጋ። መዘጋቱን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሳት ዕለት እማዬ ቀኑን ሙሉ አልበላችም። ጸደይ ሲመለስ ክሊኒኩ በር ላይ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ናም ሳንግዱን ፖሊስ ያገኘው በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም አዲስ ክሊኒክ ሊከፍት ግድግዳ ሲያስቀባ ነው።

በምርመራው የወጣውን ስሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የክሊኒኩ ባለቤት ራሱ ናም ሳንግዱ ነው፤ ሐኪም ስላልሆነ በሕጉ ክሊኒክ መክፈት አይችልም። ባለ ወፍራም እጁ «ዶክተር» ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቀርጽ ሠራተኛ ነው፤ ሰው አፍ ውስጥ እጁን ለማስገባት ፈቃድ የለውም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የአንድ ሽማግሌ የጥርስ ሐኪም ነው፤ በየወሩ እየተከፈላቸው ጓዳ ውስጥ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ያንቀላፋሉ።

ችሎቱ የዋለው በዚህ መኸር ነው። እማዬ ስትመሰክር ጸሐፊው የምትለው ስላልገባው ልጅቷ ታስተርጉምልን አለ፤ እኔን ማለቱ ነው። እማዬ እምቢ አለች። «ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ ቀስ ብላችሁ ጻፉ» አለች። ዳኛዋም ችሎቱን ጸጥ አሰኝታ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ያ ሽማግሌ ሐኪም ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ተነሥተው ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ አሉና «እመቤት፣ እኔ እጄን አላሳረፍኩብዎትም» አሏት። እማዬ ፎጣዋን ከአገጯ አንስታ አየቻቸው። «በደልዎ እኮ እሱ ነው» አለቻቸው።

ናም ሳንግዱ ታሰረ፤ ብዙም አይቆይም ይላሉ። ጥርስ ቀራጩ በገደብ ተለቀቀ። ሽማግሌው ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። የካሣው ክስ ገና ነው፤ ጠበቃው ናም ሳንግዱ በስሙ ምንም ንብረት እንደሌለው ነግሮናል፣ ስለዚህ ተስፋ አታድርግ። መድን ቢሮው የመንደሩን ሰዎች መዝገብ አስተካክሎ ሁለት ሁለት ጥርስ የማስተከል መብታቸውን መልሶላቸዋል። እትዬ ቡንኔ ግን «ደግሞ ማን ፊት ነው አፌን የምከፍተው?» ብለው እምቢ እንዳሉ ናቸው። የእማዬ ከንፈር አይመለስም። ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል። ሹመቱንም ለቀቀች። ሰዎቹ ለምነዋት ነበር፤ «ጠርቼ ያመጣሁት ሰው አንዱ መቃብር ውስጥ ነው» ብላ ማይክሮፎኑን አስረከበች። ፓልቦንግ ያለ ጥርሳቸው የከረሙበትን ክረምት እኔ ከልቧ ላወጣው አልቻልኩም። አንተም በስልክ ላውጣው ብለህ አትድከም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እሑድ እሑድ ደውል፤ ስልኩን እሰጣታለሁ፣ ተስማምታለች። ስትናገር አትቸኩልባት። ያልገባህን «ምን?» አትበላት፣ የጀመረችውንም ቃል አንተ አትጨርስላት። ዝም ስትል ተቋርጧል ብለህ እንዳትዘጋው፤ ከንፈሯን እያበሰች ይሆናል።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ለሄዮንጁ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የላከችውን የአንገት ልብስ እማዬ ከአንገቷ አታወርደውም፣ ፎጣውንም በእሱ ነው የምትሸፍነው። ባለቤቴ ቻንጊል የደረቀ ዓሣ ጠቅልሎ በመርከብ ልኮልሃል፣ ወገብህን ጠብቅ ብሎሃል። እትዬ ቡንኔ «ያ የማንሆ ጥርስ አሁንም ፊት ለፊቱ ክፍተት አለው? ማንም እንዳይሞላበት በዪው» ብለውሃል። ሲስተር ኡንቢ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች። ለሱዮን የአክስቷን መሳም አድርስልኝ። የሱዮን ስም ከንፈር ለከንፈር አያስነካም፤ ስለዚህ እማዬ ጥርት አድርጋ ትጠራዋለች። ስትደውል መጀመሪያ ልጅቷን አቅርባት፣ ያደፋፍራታል።

ያንተ ስም ግን በ«ማ» ይጀምራል። ከንፈርና ከንፈር ካልተገናኙ አይወጣም። ይህን ወረቀት ስጽፍ እማዬ ጓሮ ጎመን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ የማልሰማት መስሏት ስምህን ትለማመዳለች። የሚወጣላት «አንሆ» ነው። እሑድ በዚያ ስም ስትጠራህ አቤት በላት።

እህትህ ጉምሱክ
ሶልጌ መንደር፣ ቶንግዮንግ
ኖቬምበር 24 ቀን 2019